እስከ ምን ድረስ? በመጫወቻ ሽጉጥ ሆድ ውስጥ የተጻፈ የገደብ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶኛል። «የታሪክ መምህር ስለ ልጆች መጫወቻ ምን ሊናገር ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ የታሪክ ሰዎች የምንታወቀው በነገሥታት፣ በጦርነትና በመሬት ሥሪት ነው። ሆኖም የቴክኖሎጂን ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ አንድ ኅብረተሰብ ስለ ኃይል፣ ስለ አደጋና ስለ ኃላፊነት ያለው አቋም እንደ ዕለት ዕቃው አድርጎ የሚገልጠው ሰነድ ጥቂት መሆኑን ነው። የዕለት ዕቃ አይዋሽም፤ የተሠራው ለታሪክ ተብሎ አይደለምና።

የዛሬው ዕቃ በባትሪ የሚሠራ፣ የስፖንጅ ፍላጻ የሚወረውር መጫወቻ ሽጉጥ ነው። የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ይህ መጫወቻ ሲከፈት ከሞተሩና ከሽቦው ጋር አብሮ የሚገኝ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በፋብሪካ፣ በሕግ አውጪ፣ በሐኪምና በተጫዋች መካከል ለ50 ዓመታት ያህል የተካሄደ ድርድር ነው። የድርድሩ ጭብጥ «እስከ ምን ድረስ?» የሚል ነው። ፍላጻው እስከ ምን ድረስ ይፍጠን? ልጁ እስከ ምን ድረስ ይታመን? ዕቃውን በገንዘቡ የገዛ ሰው እስከ ምን ድረስ ውስጡን የመንካት መብት አለው? አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚሉት እኔም ከሥሩ እጀምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ልስላሴ እንደ ገደብ

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። ሬይን ጋየር በ1966 ለገበያ በቀረበውና ትዊስተር በተባለው ጨዋታ ስሙ የተነሣ ፈልሳፊ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ እርሱና ባልደረቦቹ ስለ ዋሻ ዘመን ሰዎች አንድ ጨዋታ ሲነድፉ፣ በድንጋይ ፈንታ የሚያገለግሉ የስፖንጅ ቁርጥራጮች አዘጋጁ። ብዙም ሳይቆይ ነዳፊዎቹ ጨዋታውን ትተው የስፖንጅ ድንጋዮቹን በመረብ ላይ እርስ በርሳቸው መወራወር ያዙ። ፍሬው ከዚያ ጭዋታ ወጣ። ሚልተን ብራድሊ የተባለው ኩባንያ ሐሳቡን ሳይቀበል ሲቀር ፓርከር ብራዘርስ ተቀበለው፤ በ1970ም ኔርፍ የሚል ስም የተሰጠው የስፖንጅ ኳስ ለገበያ ዋለ።

ኩባንያው ኳሱን ያስተዋወቀው በቤት ውስጥ ሊወረወር የሚችል ኳስ ነው ብሎ ነበር። መብራት አይሰብርም፣ መስኮት አያደቅም፣ ሕፃንም ሆነ አዛውንት አይጎዳም ተባለ። ይህን የማስታወቂያ ሐሳብ ልብ በሉልኝ። እስከዚያ ድረስ «ቤት ውስጥ ኳስ አትወርውር» የሚለው ትእዛዝ የወላጅ ነበር። ከ1970 በኋላ ግን ትእዛዙ ወደ ዕቃው ገባ። ልጁ ምንም ያህል ቢወረውር ኳሱ ቀላል ስለሆነ አየሩ ራሱ ያበርደዋል፤ ቢመታም ስፖንጁ ይጨማደዳል። የመጀመሪያው ገደብ እንግዲህ በቃል የተነገረ ወይም በወረቀት የተጻፈ አልነበረም፤ በቁሱ ጠባይ ውስጥ የተሠራ ነበር።

ሕግ ወደ መጫወቻው ሲገባ

ስፖንጁ በልጅ ክንድ መወርወሩ ቀርቶ በመሣሪያ መተኮስ የጀመረው ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1989 በአየር ግፊት ኳስ የሚተኩስ መጫወቻ ወጣ፤ በ1991 ቀስት ተከተለ፤ በ1992 ደግሞ ሻርፕሹተር የተባለው የመጀመሪያው የኔርፍ ፍላጻ ተኳሽ ቀረበ። በእነዚሁ ዓመታት ባለቤትነቱም እጅ ተለዋውጧል። ቶንካ በ1987 ኬነር ፓርከርን ገዛ፤ ሃስብሮ ደግሞ በ1991 ቶንካን ገዛ።

እነዚህ መጫወቻዎች የተወለዱት ሕግ አስቀድሞ በያዘው መስክ ላይ ነበር። በ1978 ማቴል የተባለው ኩባንያ በወቅቱ ዝነኛ ከነበረ የቴሌቪዥን ፊልም የተቀዳ የጠፈር መርከብ መጫወቻ ይሸጥ ነበር። መርከቡ በሞላ የምትስፈነጠር ትንሽ የፕላስቲክ ሚሳይል ነበረችው። አንድ የ4 ዓመት ሕፃን ሚሳይሏን ወደ አፉ ተኩሶ ታንቆ ሞተ። መጫወቻው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩትም ሚሳይላቸው እንዳይተኮስ ተደርጎ ወጡ። በ1980 መባቻም በአሜሪካ ለትንንሽ ልጆች የሚቀርቡ መጫወቻዎች ሊያንቁ የሚችሉ ጥቃቅን ክፍሎች እንዳይኖሯቸው የሚያግድ የፌዴራል ደንብ ሥራ ላይ ዋለ።

ሁለተኛው ሕግ የመጣው ከሌላ ሥጋት ነው። መጫወቻ ሽጉጥ ከእውነተኛው ጋር እየተመሳሰለ በመቸገሩ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1988 መጫወቻ ሽጉጦች በአፈሙዛቸው ላይ ደማቅ ብርቱካንማ ምልክት እንዲኖራቸው ወይም በሌላ መንገድ ከሩቅ እንዲለዩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ኤኤስቲኤም ኤፍ 963 በመባል የሚታወቀው የመጫወቻዎች ደኅንነት መስፈርት በ2008 በወጣ ሕግ አስገዳጅ ሆነ። ይህ መስፈርት ከመጫወቻ የሚተኮስ ነገር ሊይዝ ስለሚገባው ጉልበት ወሰን ያስቀምጣል።

ስለዚህ አንድ ልጅ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚያየው ብርቱካንማ አፈሙዝ ለጌጥ የተቀባ ቀለም አይደለም። በአንድ ምክር ቤት የተደነገገ አንቀጽ ነው። የፍላጻው ጫፍ ለስላሳ ጎማ መሆኑም እንደዚሁ ነው።

ድንጋይና ሞተር

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። ለብዙ ዓመታት የእነዚህ መጫወቻዎች ጉልበት የሚመጣው ከተጫዋቹ ክንድ ነበር። ልጁ እጀታውን ወደ ኋላ ሲስብ ሞላ ይጨመቃል፤ ቃታውን ሲስብ ሞላው ይለቀቅና ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን አየር ያምቃል፤ የታመቀው አየር ፍላጻውን ይወረውራል። በሥነ ሥርዓቱ ከቀስት የሚለየው ነገር ትንሽ ነው። ክንድ ያከማቸውን ጉልበት ቃታ ይለቀዋል።

በ2008 የወጣውና ቫልካን የተባለው የኔርፍ መጫወቻ ይህን ሥራ ለሞተር ሰጠ። 6 ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች ይጎርሳል፤ ሞተሩ በጥርሳም ማርሾች አማካይነት ፒስተኑን ወደ ኋላ እየሳበ ይለቀዋል፤ 25 ፍላጻ የያዘ ዝናር በጎኑ ያልፋል። በ2010 የተከተለው ስታምፒድም 6 ድንጋይ የሚወስድ ሲሆን በዝናር ፈንታ ካዝና ይጠቀማል። በሁለቱም ውስጥ የአሠራሩ ልማድ አልተለወጠም። ሞላም አለ፤ ፒስተንም አለ። ሞተሩ የተተካው በልጁ ክንድ ቦታ ብቻ ነው። የቴክኖሎጂ ታሪክ ተማሪዎች ይህን ክሥተት ያውቁታል፤ አዲስ የኃይል ምንጭ መጀመሪያ የሚሠራው የአሮጌውን የኃይል ምንጭ ሥራ በአሮጌው አሠራር ነው። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ፈረስ የጠፋባቸው ሠረገላዎች ይመስሉ እንደነበር ታስታውሳላችሁ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከ2011 ጀምሮ ነው። ባሪኬድ በተባለውና 3 ትንንሽ ድንጋይ በሚወስደው መጫወቻ ውስጥ ሞላውና ፒስተኑ ቀርተው ሁለት ትንንሽ መንኮራኩሮች ገቡ። መንኮራኩሮቹ በፍላጻው መንገድ ግራና ቀኝ ቆመው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ሞተር፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፍላጻው ውፍረት በጥቂቱ ይጠባል። የተለመደው ፍላጻ ዲያሜትር 12.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቃታው ሲሳብ አንዲት ዘንግ ፍላጻውን ወደ ክፍተቱ ትገፋለች፤ መንኮራኩሮቹም ስፖንጁን ጨምቀው ይዘው ወደ ፊት ይወረውሩታል። በ2013 የወጣውና 4 ትንንሽ ድንጋይ የሚወስደው ስትራይፍ፣ በዚያው ዓመትም የወጣውና 4 መካከለኛ ድንጋይ የሚወስደው ራፒድስትራይክ በዚህ አሠራር ታዋቂ ሆኑ። ሁለተኛው ፍላጻውን የሚገፋው ዘንግ እንኳ በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀስ ስለነበር፣ ቃታው እንደተሳበ ፍላጻዎቹ በተከታታይ ይወጣሉ።

የዚህን አሠራር ምሥጢር ለመረዳት እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ የሚይዙትን እንዝርት ማሰብ ይበቃል። ፈታይዋ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሽከርክራ ስትለቀው ወዲያው አይቆምም። በእንዝርቱ ላይ የተሰካችው ክብ ክብደት የእጇን ጉልበት ተቀብላ ታቆየዋለች፤ ቀስ በቀስም ለፈትሉ ትሰጠዋለች። የመጫወቻው መንኮራኩርም እንዲሁ ያደርጋል። ትንሹ ሞተር በአንድ ቅጽበት ፍላጻ ለመወርወር የሚበቃ ጉልበት የለውም። ነገር ግን አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ቢሰጠው ጉልበቱን በመንኮራኩሩ ሽክርክሪት ውስጥ ያጠራቅማል። ፍላጻው ሲገባ የሚወስደው ይህን የተጠራቀመ ጉልበት ነው።

ፍጥነቱም በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። ዲያሜትሩ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ መንኮራኩር በደቂቃ 20,000 ጊዜ ቢዞር ጠርዙ በሰከንድ 31 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍላጻው ከጠርዙ ፍጥነት ሊበልጥ አይችልም፤ ስለሚንሸራተትም ያንሳል። በፋብሪካ እንደተሠሩ ያሉት መጫወቻዎች በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይሰጣሉ።

ሞተሩ ራሱ የራሱ ታሪክ አለው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ የቀጥታ ጅረት ሞተሮች በብዛትና በርካሽ ዋጋ መመረት የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በተለይ በጃፓን ነው። በ1954 በቶኪዮ የተቋቋመው ማቡቺ ሞተር የተነሣው ለመጫወቻ የሚሆን ሞተር ሠርቶ በመሸጥ ነበር። ቋሚ ማግኔት፣ የመዳብ ጥቅልልና ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉ ሁለት ብሩሾች ብቻ ያሉት ይህ ሞተር በካሴት ማጫወቻ፣ በፀጉር ማድረቂያና በመጫወቻ መኪና ውስጥ ዓለምን ዞሯል። በየከተማችን ያሉ ታዳጊዎች ከተበላሸ ቴፕ ሪከርደር አውጥተው ማራገቢያ የሚሠሩበት ሞተር የዚሁ ዘመድ ነው።

ሣጥኑ ሲከፈት

ከተማሪዎቼ ጋር አንዱን መጫወቻ በካቻቪት ከፍተን ጠረጴዛ ላይ ስንዘረጋው፣ ጥያቄዬ «ይህ ክፍል ምን ይሠራል?» የሚል ብቻ አልነበረም። «ይህን ክፍል ማን አስገባው? ለማን ብሎ?» ብዬም ጠየቅሁ። ዕቃን እንደ ሰነድ ማንበብ ማለት ይህ ነው።

ሽቦውን ከባትሪው ጀምረን ስንከተለው በመንገዱ ላይ ተደጋግሞ የሚያቋርጠው ነገር ይገኛል። ካዝናው በቦታው ካልገባ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። የተጣበቀ ፍላጻ የሚወጣበት ትንሽ በር ክፍት ከሆነም የሚያቋርጥ ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እነዚህ ሁለቱ የልጅን ጣት አስበው የገቡ ናቸው። ጣት ወደሚሽከረከረው መንኮራኩር የሚገባው ካዝናው በወጣበት ወይም በሩ በተከፈተበት ቀዳዳ ነውና።

ቀጥሎም አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ትገኛለች። ይህች ሬዚስተር ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክን ፍሰት እየገታች የምትሄድ ናት። ፍላጻ ተጣብቆ ሞተሩ መዞር ቢያቅተው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ጅረት እጅግ ይጨምራል። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሬዚስተሯ ባትኖር ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስትኖር ግን ሞቃ መንገዱን ትዘጋለች፤ ስትቀዘቅዝ ትከፍታለች። ይህች የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ወላጅ ከክፍሉ ሲወጣ በቦታው የምትቀር ሞግዚት ናት።

ሽቦው ራሱም ቀጭን ነው። የተመረጠው ድንጋይም ብዙ ጅረት በአንድ ጊዜ መስጠት የማይችል ዓይነት ነው። ከዚህም የተነሣ የመጫወቻው ጉልበት በአንድ ቦታ ሳይሆን በአምስትና በስድስት ቦታዎች ተገድቧል። በሞላ የሚሠሩት የቀድሞዎቹ መጫወቻዎችም የራሳቸው ልጓም ነበራቸው። ከፍላጻው በስተኋላ የምትቀመጥ ትንሽ ክዳን ፍላጻ በሌለበት አየሩን ትዘጋ ነበር፤ ፍላጻ ባለበትም ጊዜ የአየሩን መንገድ ታጠብ ነበር።

የአሻሻዮቹ ማኅበር

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንሸጋገር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ወጣቶችና ጎልማሶች እነዚህን መጫወቻዎች እየከፈቱ ማሻሻል ይዘው ነበር። መጀመሪያ የተነካችው ያቺ የአየር ክዳን ናት። ከዚያም ጠንካራ ሞላ መተካት ተለመደ። ጨዋታውም ከጓሮ ወጣ። በ2005 በሜሪላንድ ግዛት በሚገኘው ጋውቸር ኮሌጅ «ሰዎችና ዞምቢዎች» የተባለ የማሳደድ ጨዋታ ተጀመረ፤ «ሰዎች» የሆኑት ተማሪዎች ራሳቸውን የሚከላከሉት በስፖንጅ ፍላጻና በተጠቀለለ ካልሲ ነበር። ጨዋታው ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። የኮሌጅ ተማሪ ደግሞ የልጅ ክንድ የለውም፤ ሜዳውም ሰፊ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ የተሠራው ገደብ ለሃያ ዓመት ወጣት ጠበበው።

የባትሪው ዘመን ሲመጣ ማሻሻሉ ከእንጨትና ከሞላ ሥራ ወደ ኤሌክትሪክ ትምህርት ተሸጋገረ። የሞተር ፍጥነት ከሚሰጠው ቮልት ጋር ይጨምራል። 4 ድንጋይ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ሲሆን ድምሩ 6 ነው። አሻሻዮቹ ድንጋዩን አውጥተው እያንዳንዱ ክፍል 3.7 ቮልት የሚሰጥ የሊቲየም ባትሪ ተኩ፤ ሁለት ክፍል 7.4፣ ሦስት ክፍል 11.1 ቮልት ይሆናል። ከቮልቱ በላይ ለውጥ ያመጣው ግን ይህ ባትሪ ከድንጋዩ እጅግ የበለጠ ጅረት ያለ ድካም መስጠቱ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሰንሰለት ምላሽ ነው። ጅረቱ ሲጨምር ቀጭኑ ሽቦ በወፍራም መተካት ነበረበት፤ ሬዚስተሯ መውጣት ነበረባት፤ ትንንሾቹ ማብሪያ ማጥፊያዎች ስለሚቃጠሉ በጠንካራ መቀየር ነበረባቸው፤ ለ6 ቮልት የታሰበው ሞተርም ለከፍተኛው ጉልበት በተሠራ ሞተር መተካት ነበረበት። አንዱን ገደብ ያነሣ ሰው ገደቡ የታሰረበትን ሌላ ገደብ ያገኛል። በዚህ ሒደት ብዙ ሺህ ወጣቶች በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያዩትን የኦም ሕግ በገዛ እጃቸው፣ አንዳንዴም በተቃጠለ ጣታቸው ተማሩ። ጥቂት ቆይቶም በሦስት አቅጣጫ የሚያትም ማተሚያ ሲረክስ፣ መንኮራኩሩንና መያዣውን ራሳቸው ነድፈው ማተም ጀመሩ። ዕቃውን ማሻሻል ዕቃውን እንደ አዲስ ወደ መሥራት አደገ።

የታሪክ ሰው ዓይን እዚህ ላይ ሊያተኩር ይገባል። እነዚህ ሰዎች የፋብሪካውን ገደብ ሁሉ ካነሡ በኋላ ወዴት ሄዱ? መልሱ የሚያስገርም ነው። ራሳቸው ሌላ ገደብ አወጡ። በተደራጁ ጨዋታዎች ላይ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ በመግቢያው ተቀመጠ፤ በእያንዳንዱ ሜዳ ሊታለፍ የማይገባ የፍጥነት ጣሪያ ተወሰነ፤ መነጽር ያላደረገ እንዳይጫወት ተከለከለ፤ ብርቱካንማውን ምልክት ማጥፋት ተነወረ። ሬዚስተሯ ከሽቦው ወጥታ ወደ መተዳደሪያ ደንብ ገባች ማለት ይቻላል።

ዓይን

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ሒሳቡን እንሥራው። 1 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 20 ሜትር ሲበር የሚይዘው ጉልበት 0.2 ጁል ነው። ፍጥነቱ ወደ 40 ሜትር ሲያድግ ጉልበቱ 0.8 ጁል ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ሆነ። በክንድ ላይ ሁለቱም ከቁንጥጫ አያልፉም። በዓይን ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በ2017 በለንደን የሚገኘው የሙርፊልድስ ዓይን ሆስፒታል ሐኪሞች በስፖንጅ ፍላጻ ዓይናቸው ስለተመታ ሦስት ሰዎች በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ሁለቱ ጎልማሶች፣ አንዱ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሦስቱም በዓይናቸው የፊት ክፍል ውስጥ ደም ፈስሶ እይታቸው ደብዝዞ ነበር፤ በሕክምና ድነዋል። ልስላሴ ሙሉ ጋሻ አይደለም። የ1970ው ማስታወቂያ ስለ ኳሱ የገባው ቃል፣ ኳሱ ወደ ጣት ውፍረት ጠቦ በሞተር ሲወረወር እንዳለ አብሮ ሊሄድ አልቻለም። ቁሱ ያው ስፖንጅ ነው፤ ቅርጹና ፍጥነቱ ግን ቃሉን አጥፈውታል።

ሁለተኛው አደጋ ከመጫወቻው አይወጣም፤ ከሚያየው ሰው ይመጣል። በኅዳር 2014 በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ አንድ የ12 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ልጅ በመናፈሻ ውስጥ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሳለ ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል። በሽጉጡ ላይ ሊኖር ይገባ የነበረው ብርቱካንማ ምልክት አልነበረም። ያ ዕቃ እኛ የምንነጋገርበት የስፖንጅ ፍላጻ ወርዋሪ አልነበረም፤ ምልክቱ መኖሩ ብቻውን ልጁን ያድነው ነበር የሚል ድምዳሜም አልሰጥም፤ በዚያ ሞት ውስጥ ከቀለም የሚበልጥ የዘርና የሥልጣን ታሪክ አለና። ነገር ግን መጫወቻውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ «አሳመርሁት» የሚል ወጣት በመንገድ ላይ ይዞት የሚወጣው ነገር ምን ሊመስል እንደሚችል ይህ ሞት ያስታውሰናል።

ዕውቀቱ የማን ነው?

የመጨረሻው ክርክር የባለቤትነት ነው። የዚህ ኢንዱስትሪ ታላቅ ፈልሳፊ ከሚባሉት አንዱ ሎኒ ጆንሰን ነው። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በጋሊሊዮ መንኮራኩር ሥራ ላይ የተሰማራ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ በ1982 በመኖሪያ ቤቱ በውሃ ስለሚሠራ የሙቀት ማስተላለፊያ ሙከራ ሲያደርግ ከቧንቧው የወጣው ኃይለኛ ውሃ ሱፐር ሶከር የተባለውን የውሃ መርጫ መጫወቻ አስወለደ። ስፖንጅ ወርዋሪ መጫወቻዎችንም በሚመለከት የፈጠራ መብቶች አሉት። በ2013 በግልግል ዳኝነት በተሰጠ ውሳኔ፣ ከ2007 እስከ 2012 በተሸጡ የኔርፍ መጫወቻዎች ምክንያት ያልተከፈለው 72.9 ሚሊዮን ዶላር ከሃስብሮ እንዲከፈለው ተወስኗል።

ጆንሰን የፈጠራ መብት ነበረው። በየጓዳው ሽቦ የቀየሩት አሻሻዮች ግን እንዲህ ያለ መብት አልነበራቸውም፤ ያገኙትን ዕውቀት ያለ ክፍያ ተካፈሉት። ገበያውም አዳመጣቸው። ሞተር፣ መንኮራኩርና ማሻሻያ ዕቃ ለእነርሱ ብቻ የሚሠሩ አምራቾች በተለይ በቻይና ተነሡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ትልልቆቹ ኩባንያዎች ራሳቸው አሻሻዮቹ የፈጠሩትን አጭር ፍላጻ የሚተኩሱ፣ ከፍ ያለ ፍጥነት ያላቸውና ለታዳጊና ለጎልማሳ የታሰቡ መጫወቻዎችን በሣጥን አሽገው መሸጥ ጀመሩ። በ2024 ደግሞ ሃስብሮ ከቀድሞዎቹ መጫወቻዎች ጋር የማይስማማ አዲስ ዓይነት ፍላጻ አወጣ። ልብ በሉ፤ ይህም ገደብ ነው። ግን ጣትንና ዓይንን ከሚጠብቁት ወገን አይደለም። ገዢው ፍላጻውን ከማን እንደሚገዛ የሚወስን ገደብ ነው። በአንድ ሣጥን ውስጥ የልጅን ዓይን የሚጠብቅና የኩባንያን ገበያ የሚጠብቅ ገደብ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ናቸው። የሚለያቸው ከፍቶ ያየና «ይህን ማን አስገባው? ለማን ብሎ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ውድ ተማሪዎች፤ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ድምዳሜ ይህ ነው። የታሸገን ዕቃ መክፈት የዕውቀት መጀመሪያ ነው። እኛ በጥገና የምንኖር ሕዝብ ነን፤ ሬዲዮውም ሞባይሉም በየመንገዱ ዳር ተከፍቶ የሚሠራበት አገር ልጆች ስለ መክፈት ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። የሚያስፈልገን ከመክፈት ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። በእጃችሁ ካቻቪት ይዛችሁ ከወረዳው ላይ አንዲት ክፍል ልታነሡ ስትሉ፣ ያቺ ክፍል የአንድ ነጋዴ ስስት ናት ወይስ የአንድ ሕፃን ሞት መታሰቢያ? የ1978ቱ ሚሳይል፣ የ1988ቱ ብርቱካንማ ቀለም፣ በሽቦው መካከል ያለችው ሬዚስተር ስም አልተጻፈባቸውም፤ ግን እያንዳንዳቸው የሆነ ነገር ከሆነ በኋላ የገቡ ናቸው።

አሻሻዮቹ ያስተማሩን ትልቁ ነገር ፍጥነትን ማሳደግ አይደለም። ገደብን ያነሣ ሰው በዚያው እጁ ኃላፊነቱን እንደሚያነሣ፣ ከፋብሪካው የወሰደውንም ሥልጣን በራሱ ደንብ መተካት እንዳለበት ነው። ይህን ያደረጉት ማኅበሮች ጨዋታቸው ቆይቷል። በመጫወቻ ላይ የተፈተነው ይህ ሥርዓት ነገ እናንተ በምትነኩት ትልቅ ማሽን፣ በምትጽፉት ፕሮግራም፣ በምታረቅቁትም ሕግ ላይ ይጠብቃችኋል።